የኦንላይን ግዢ ታክስን ከአገር አገር ማወዳደር፦ ዕቃው እጅ ሲገባ ስንት ይሆናል?

አንድ ዓይነት ጃኬት በሦስት አገሮች የኦንላይን መደብሮች ላይ 190፣ 215 እና 238 ዩሮ ተብሎ ቢለጠፍ፣ ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው 190 ላይ ነው። ሦስቱ ቁጥሮች ግን ስለ ተለያየ ነገር ነው የሚናገሩት። በአንዱ ውስጥ ታክሱ ተካቷል። በሌላው ታክሱ የሚደመረው አድራሻ ከተሞላ በኋላ በመክፈያው ገጽ ላይ ነው። በሦስተኛው ደግሞ ታክሱንም ቀረጡንም የሚጠይቀው ዕቃውን ይዞ የሚመጣው ኩሪየር ነው። የምጣኔ ሰንጠረዥ ብቻ ይዞ ማወዳደር የማይሠራው ለዚህ ነው፤ ሃንጋሪ 27%፣ ሉክሰምበርግ 17%፣ ስዊዘርላንድ 8.1% የሚለው ዝርዝር እውነት ቢሆንም ከኪስ የሚወጣውን አይነግርም። ከኪስ የሚወጣውን ለማወቅ አራት ነገሮችን በቅደም ተከተል ማጣራት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖችና ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የየትኛው አገር ታክስ ነው?

በመርህ ደረጃ ታክሱ የሚከፈለው ዕቃው ለሚደርስበት አገር ነው። ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃ በሻጩ አገር አብዛኛውን ጊዜ በዜሮ ምጣኔ ነው የሚሸጠው፤ ገዢው የሚከፍለው የራሱን አገር ተጨማሪ እሴት ታክስ (ቫት) ነው። ስለዚህ ከሃንጋሪ ወደ ኖርዌይ የሚያዝ ሰው የሃንጋሪ 27% አይመለከተውም። ያ ተቀንሶለት የኖርዌይ 25% ይሰላበታል።

ችግር የሚፈጠረው ሻጩ የራሱን አገር ቫት ሳይቀንስ ሲቀር ነው። ትንንሽ መደብሮች ላይ ይህ በብዛት ይታያል። መፈተሻው ቀላል ነው፦ ዕቃውን ቅርጫት ውስጥ ያስገቡ፣ የሚላክበትን አገር ይምረጡ፣ ዋጋው ይቀየር እንደሆነ ይመልከቱ። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ያለ አድራሻ ሞልተው ዋጋው ቅንጣት ካልወረደ፣ ወይ ሻጩ ቫቱን አልቀነሰም፣ ወይ የእርስዎን አገር ታክስ በቦታው ተክቷል። የትኛው እንደሆነ ሳይከፍሉ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ። አንዴ ከተከፈለ በኋላ የሻጩን አገር ቫት የእርስዎ አገር ጉምሩክ ሊመልስልዎ አይችልም፤ መመለስ የሚችለው ሻጩ ብቻ ነው፣ እሱም ዕቃው ከአገር መውጣቱን የሚያሳይ ማስረጃ ይዞ።

በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ደግሞ ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ የሚሠራው ደንብ፣ ወደ ሌሎች አባል አገሮች ያለው ሽያጭ በዓመት ከ10,000 ዩሮ ያለፈ ሻጭ የገዢውን አገር ምጣኔ እንዲያስከፍል ያዛል። በፈረንሳይ መደብር 240 ዩሮ የተለጠፈበት ዕቃ 20% ቫት ያለበት ነው፤ ከቫት በፊት ያለው ዋጋ 200 ዩሮ ነው። ያው ዕቃ ወደ ጀርመን ሲሄድ 238፣ ወደ ሉክሰምበርግ 234፣ ወደ ሃንጋሪ 254 ዩሮ መሆን ነበረበት። ብዙ ሻጮች ግን 240ን ለሁሉም አገር እንዳለ ይተዉታልና ልዩነቱን ከትርፋቸው ይሸከሙታል ወይም ይወስዱታል። ሕገ ወጥ አይደለም። የሃንጋሪው ገዢ ይጠቀማል፣ የሉክሰምበርጉ ይጎዳል።

2. የተለጠፈው ዋጋ ታክሱን ይዟል?

በአውሮፓ ኅብረት፣ በብሪታንያ፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ ለሸማች የሚለጠፍ ዋጋ ታክሱን የያዘ ነው። ጃፓን ከኤፕሪል 1 ቀን 2021 ጀምሮ ታክስን ያካተተ ጠቅላላ ዋጋ ማሳየትን ግዴታ አድርጋለች። በአሜሪካና በካናዳ ግን ታክሱ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ሁለቱን ዓይነት ዋጋ ጎን ለጎን ከማስቀመጥዎ በፊት አንዱን ወደ ሌላው ይቀይሩ።

እዚህ ላይ የሚሠራ አንድ ስህተት አለ፤ ሒሳብ የሚችሉ ሰዎችም ይሳሳቱታል። 20% ቫት ያለበትን 120 ዩሮ ወደ መነሻው ለመመለስ 20% መቀነስ ትክክል አይደለም፤ 96 ይሰጣል፣ መልሱ ግን 100 ነው። ቫቱ የተሰላው በ100 ላይ እንጂ በ120 ላይ አይደለምና። ማካፈል ነው፦ 120 ÷ 1.20። በስልክ ማስያ ሳይቸገሩ ለመሥራት፣ ከጠቅላላው ዋጋ ውስጥ የታክሱ ድርሻ በ10% ምጣኔ አንድ አሥራ አንደኛ፣ በ20% አንድ ስድስተኛ፣ በ25% አንድ አምስተኛ ነው። በ15% ሲሆን ሦስት ሃያ ሦስተኛ ይሆናል፤ ያኔ በ1.15 ማካፈሉ ይቀላል።

ምጣኔውን ራሱ ከአሮጌ ሰንጠረዥ አይውሰዱ። ፊንላንድ በሴፕቴምበር 2024 ወደ 25.5%፣ ስሎቫኪያ በጃንዋሪ 2025 ወደ 23%፣ ኢስቶኒያ በጁላይ 2025 ወደ 24%፣ ሩማንያ በኦገስት 2025 ወደ 21% ከፍ አድርገዋል። ሲንጋፖር ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ 9% ናት። የዕቃው ዓይነትም ይለውጠዋል፦ በብሪታንያ መደበኛው 20% ሲሆን መጽሐፍና የሕፃናት ልብስ ዜሮ ምጣኔ ናቸው፤ በጃፓን መደበኛው 10%፣ ምግብ 8% ነው። ስለዚህ «የአገሩ ምጣኔ ስንት ነው» ከማለት «የዚህ ዕቃ ምጣኔ በዚያ አገር ስንት ነው» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

3. ታክሱ የሚሰላው በምን ላይ ነው?

ከድንበር ውጭ የሚመጣ ዕቃ ላይ ገንዘቡ የሚያድገው እዚህ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ቀረጥ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ማጓጓዣና ኢንሹራንስ ተደምሮ ነው። ቫቱ ደግሞ በዚህ ሁሉ ላይ ቀረጡ ራሱ ተጨምሮበት ይሰላል፤ ማለትም በቀረጡም ላይ ቫት ይከፈላል። መጀመሪያ የጠቀስነውን የ190 ዩሮ ጃኬት እንውሰድ፤ ከኅብረቱ ውጭ ካለ መደብር ወደ ጀርመን የሚመጣ፣ ማጓጓዣው 25 ዩሮ፣ ለአብዛኛው ልብስ የሚጣለው ቀረጥ 12%፦

ዕቃ 190.00
ማጓጓዣ 25.00
ቀረጥ፣ የ215 ዩሮ 12%፦ 25.80
ቫት፣ የ240.80 ዩሮ 19%፦ 45.75
ድምር 286.55 ዩሮ

ይህም ኩሪየሩ ለጉምሩክ ሥራው የሚጠይቀው የአገልግሎት ክፍያ ሳይገባበት ነው። ጀርመን ውስጥ 238 ዩሮ ተለጥፎበት የነበረው ጃኬት፣ መጀመሪያ ሲታይ በ48 ዩሮ የተወደደ መስሎ፣ መጨረሻ ላይ ከ48 ዩሮ በላይ ረክሶ ተገኘ።

የቀረጡን ምጣኔ የሚወስነው ዕቃው ከየት ተላከ የሚለው ሳይሆን የት ተመረተ የሚለው ነው። ነፃ የንግድ ስምምነት ካለው አገር ተልኮ የተመረተው ግን ሌላ ቦታ ከሆነ የስምምነቱን ቅናሽ አያገኝም። ብዙ ገዢዎች ከሻጩ አገር ጋር ስምምነት አለ ሲባል ቀረጥ የለም ብለው ይደመድማሉና ሒሳቡ በር ላይ ይጠብቃቸዋል።

*የዋጋ ገደቦች*

አገሮች ትንንሽ ጥቅሎችን ከቀረጥ ወይም ከታክስ የሚለቁበት፣ አልያም አሰባሰቡን የሚቀይሩበት የዋጋ ገደብ አላቸው። ገደቡ በምን እንደሚለካ ማወቅ ከቁጥሩ እኩል ያስፈልጋል።

የአውሮፓ ኅብረት ገደብ 150 ዩሮ ነው፤ የሚለካው በጥቅሉ ውስጥ ባሉት ዕቃዎች ዋጋ ድምር ሲሆን ማጓጓዣው ለብቻው ተለይቶ ከተጻፈ አይቆጠርም። ከጁላይ 2026 በፊት ከገደቡ በታች ቀረጥ አልነበረም፤ ቫት ግን አለ፣ ምክንያቱም ድሮ የነበረው የ22 ዩሮ የቫት ነፃነት በጁላይ 1 ቀን 2021 ተሽሯል። በዚሁ አሠራር በ140 ዩሮ የተገዛ ጃኬት ከ20 ዩሮ ማጓጓዣ ጋር ጀርመን ውስጥ 19% ቫት ተጨምሮበት 190.40 ዩሮ ይሆናል። ያው ጃኬት 151 ዩሮ ቢሆን ቀረጥ ይነካዋል፦ 171 ላይ 20.52 ቀረጥ፣ በ191.52 ላይ 36.39 ቫት፣ ድምሩ 227.91። የ11 ዩሮ ልዩነት መጨረሻ ላይ 37.51 ዩሮ አስከፈለ። ገደቡ አካባቢ ሲደርሱ ከሁለት ዕቃ አንዱን በሌላ ቀን ማዘዝ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። የኅብረቱ የገንዘብ ሚኒስትሮች ደግሞ በዲሴምበር 2025፣ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ከ150 ዩሮ በታች ባሉ ጥቅሎች ላይ በየዕቃው ዓይነት 3 ዩሮ ቋሚ ቀረጥ እንዲጣል ተስማምተዋል፤ ለዚያ ጊዜ ሲያሰሉ እሱን ማካተት አይርሱ። ሽቶ፣ የአልኮል መጠጥና ትምባሆ በ150 ዩሮው ነፃነት አይሸፈኑም።

ኖርዌይ 3,000 ክሮነር ትላለች፣ ግን በአንድ ነጠላ ዕቃ ነው። እያንዳንዳቸው 2,000 ክሮነር የሆኑ አራት ዕቃዎች በአንድ ጥቅል ቢመጡ ሻጩ ቫቱን እንደ ትንሽ ዕቃ ግዢው ላይ መሰብሰብ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረትን ልማድ ይዞ ወደ ኖርዌይ የሚሄድ ሰው ያለ ምክንያት ግዢውን ይከፋፍላል።

ስዊዘርላንድ ገደቡን የምትለካው በታክሱ መጠን ነው፤ የሚሰላው ቫት ከ5 ፍራንክ በታች ከሆነ አይጠየቅም። በ8.1% ሲመለስ እስከ 62 ፍራንክ ገደማ፣ በ2.6% ለሚታሰበው መጽሐፍ እስከ 193 ፍራንክ ገደማ ማለት ነው፤ ማጓጓዣው ተቆጥሮ። የስዊዝ የኢንዱስትሪ ምርት ቀረጥ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ስለተነሳ እዚያ የቀረው ጥያቄ በአብዛኛው ቫቱና የኩሪየሩ ክፍያ ነው።

ካናዳ በተላከበት አገር ትለያለች። አጠቃላዩ ገደብ 20 የካናዳ ዶላር ብቻ ነው፤ ከአሜሪካ ወይም ከሜክሲኮ በኩሪየር ለሚመጣ ግን ታክሱ እስከ 40፣ ቀረጡ እስከ 150 ዶላር ድረስ አይጠየቅም። በፖስታ ከመጣ ይህ አይሠራም። ከዚያ በኋላ ምጣኔው በክፍለ ግዛቱ ይለያያል፦ አልበርታ 5% ብቻ፣ ኦንታሪዮ 13%፣ ኬቤክ 5% እና በላዩ 9.975%።

አሜሪካ እስከ 800 ዶላር ያለ ቀረጥ ታስገባ የነበረውን አሠራር ከቻይናና ከሆንግ ኮንግ ለሚመጣ ዕቃ በሜይ 2 ቀን 2025፣ ለቀሪው ዓለም በኦገስት 29 ቀን 2025 አቋርጣለች። ከዚያ በፊት የተጻፈ ምክር ሁሉ በዚህ ነጥብ ላይ ጊዜ አልፎበታል።

4. ገንዘቡን የሚሰበስበው ማን ነው?

ታክሱ ግዢ ላይ ከተከፈለ ጥቅሉ በር ላይ ተጨማሪ ሳይጠይቅ ይደርሳል። በብሪታንያ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2021 ጀምሮ እስከ 135 ፓውንድ ለሆነ ጥቅል 20% ቫቱን የሚሰበስበው ሻጩ ወይም መሸጫ መድረኩ ነው። አውስትራሊያ እስከ 1,000 የራሷ ዶላር ላለው ዕቃ 10% ከጁላይ 2018፣ ኒውዚላንድ እስከ 1,000 የራሷ ዶላር 15% ከዲሴምበር 2019፣ ሲንጋፖር እስከ 400 የራሷ ዶላር ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ በተመሳሳይ መንገድ ያስከፍላሉ። በአውሮፓ ኅብረት እስከ 150 ዩሮ ያለው ጥቅል፣ ሻጩ ከተመዘገበ፣ የሚያልፈው አይኦኤስኤስ (IOSS) በሚባለው የአንድ መስኮት ምዝገባ ነው።

በብዛት የሚበላሸው ይኸኛው ነው። አይኦኤስኤስ የተመዘገበ ሻጭ ባለ 12 አኃዝና ፊደል ቁጥር አለው። ሻጩ ቫቱን ከእርስዎ ተቀብሎ ይህን ቁጥር በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለአጓጓዡ ሳያስተላልፍ ከቀረ፣ ጉምሩክ ጥቅሉን ታክስ እንዳልተከፈለበት ያየዋል። ያኔ ኩሪየሩ ቫቱን በድጋሚ ይጠይቃል፣ የራሱን ክፍያም ይጨምርበታል። ቁጥሩ ከሳጥኑ ላይ በወረቀት ተለጥፎ መምጣቱ አይጠቅምም፤ የሚነበበው አስቀድሞ በተላከው መረጃ ውስጥ ያለው ነው። እንዲህ ሲገጥም ቫቱ በተለየ መስመር የተጻፈበትን የግዢ ደረሰኝና የኩሪየሩን የክፍያ ጥያቄ አያይዘው ለሻጩ ይላኩ፤ የመጀመሪያውን ቫት የመመለስ ግዴታ ያለበት እሱ ነው። ደረሰኙ ላይ «ታክስ ተካቷል» ብቻ ተጽፎ መጠኑ ካልተለየ ክርክሩ ይከብዳል። ስለዚህ ሲገዙ የታክሱ መስመር የሚታይበትን የመክፈያ ገጽ ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ።

ከገደቡ በላይ ለሆነ ግዢ ሁለት ዓይነት አላላክ አለ። ዲዲፒ ከተባለ ሻጩ ቀረጡንም ታክሱንም ከፍሎ ያደርሳል። ዲኤፒ ከተባለ እነዚህ የተቀባዩ ናቸው። ሁለት ሻጮችን ሲያወዳድሩ አንዱ ዲዲፒ፣ ሌላው ዲኤፒ ከሆነ፣ የሁለተኛው ርካሽነት ገና አልተረጋገጠም።

አሜሪካ ለብቻዋ

አሜሪካ ቫት የላትም፤ አገር አቀፍ የሽያጭ ታክስም የለም። 45 ክፍላተ ግዛትና ዋሽንግተን ዲሲ የየራሳቸው አላቸው፤ አላስካ፣ ደላዌር፣ ሞንታና፣ ኒው ሃምፕሸርና ኦሪገን በክፍለ ግዛት ደረጃ የላቸውም፣ አላስካ ውስጥ ግን ከተሞች ሊጥሉ ይችላሉ። በክፍለ ግዛቱ ላይ ካውንቲውና ከተማው ይደርቡበታል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ዝቅተኛው 7.25% ሲሆን ከ10% ያለፈባቸው ከተሞች አሉ። ስለዚህ «የአሜሪካ ታክስ» ብሎ አንድ ቁጥር ማስገባት አይቻልም፤ ሙሉ አድራሻ ወይም ቢያንስ የፖስታ ኮድ ያስፈልጋል። የፖስታ ኮድም ሁለት የታክስ ወሰኖችን የሚያቋርጥበት ጊዜ ስላለ፣ የክፍለ ግዛቱ የገቢዎች መሥሪያ ቤት በአድራሻ የሚፈልግ መሣሪያ ካለው እሱ ይመረጣል።

ከጁን 21 ቀን 2018 በፊት በክፍለ ግዛቱ ውስጥ ሱቅም መጋዘንም የሌለው ሻጭ ታክስ እንዲሰበስብ አይገደድም ነበር። በዚያ ቀን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሳውዝ ዳኮታ ክፍለ ግዛትና በዌይፌር ኩባንያ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ ይህ ተለውጧል፤ አሁን የሽያጩ መጠን በቂ ከሆነ ሻጩ የትም ይሁን ይሰበስባል። ትንሽ ሻጭ ታክስ ሳይጨምር ቢሸጥልዎ ግን ዕዳው አልጠፋም፤ አብዛኞቹ ክፍላተ ግዛት ገዢው ራሱ አሳውቆ የሚከፍለው የመጠቀሚያ ታክስ አላቸው።

ዝርዝሩ ውስጥ ትልቅ ገንዘብ አለ። በኒው ዮርክ ከተማ ጠቅላላው ምጣኔ 8.875% ነው፤ ነጠላ ዋጋቸው ከ110 ዶላር በታች የሆኑ ልብስና ጫማ ግን ነፃ ናቸው። 109 ዶላር የሆነ ሸሚዝ 109 ይከፈልበታል። 110 ዶላር የሆነው በሙሉ ዋጋው ታክስ ተጨምሮበት 119.76 ይሆናል። በማጓጓዣም ይለያያሉ፦ በካሊፎርኒያ ለማንኛውም ሰው በሚያጓጉዝ ድርጅት (እንደ ፖስታ ወይም ኩሪየር) የሚላክና ለብቻው የተጻፈ የማጓጓዣ ክፍያ ታክስ አይጣልበትም፤ በኒው ዮርክና በቴክሳስ ታክስ ካለበት ዕቃ ጋር የመጣ ማጓጓዣ ታክስ ይጣልበታል።

ማወዳደሪያውን መሥራት

በተመን ሉህ ላይ ለእያንዳንዱ ሻጭ አንድ ረድፍ ይክፈቱና እነዚህን ዓምዶች በዚሁ ቅደም ተከተል ያስቀምጡ፦ የተለጠፈ ዋጋ፣ ውስጡ ያለው ታክስ፣ ታክስ የሌለበት ዋጋ፣ ቅናሽ፣ ማጓጓዣ፣ ቀረጥ፣ የመድረሻው አገር ታክስ፣ የኩሪየር ክፍያ፣ የምንዛሪ ወጪ፣ ድምር። ቅደም ተከተሉ የተመረጠው እያንዳንዱ ዓምድ ከፊቱ ባለው ላይ ስለሚሰላ ነው። ቅናሽ ከታክስ በፊት ይገባል፤ አሜሪካ ውስጥ ግን ሻጩ ራሱ የሰጠው ኩፖን ታክስ የሚሰላበትን ዋጋ ሲቀንስ፣ አምራቹ የሰጠው አብዛኛውን ጊዜ አይቀንስም።

ቁጥሮቹን የሚያገኙት እስከ መጨረሻው የመክፈያ ገጽ ሄደው ካርድ ሳይሞሉ በመቆም ነው። የዕቃው ገጽ ላይ ያለው ግምት የመረጃ መረብ አድራሻዎን (አይፒ) አይቶ የተሰላ ሊሆን ይችላል፤ ያሉበትን ቦታ የሚሰውረውን ቪፒኤን ከከፈቱ ይሳሳታል። ሁሉንም በአንድ ቀን ይሰብስቡ። መደብሩ በራስዎ አገር ገንዘብ ላስከፍልዎ ካለ እምቢ ብለው በሻጩ ገንዘብ ይክፈሉ፤ መደብሩ የሚያቀርበው ምንዛሪ በአብዛኛው ከባንኩ የባሰ ነው። ጉምሩክም የራሱን ይፋ የምንዛሪ ተመን ስለሚጠቀም፣ በእርስዎ ስሌት 149 ዩሮ የሆነ ዕቃ በእሱ ስሌት ገደቡን ሊያልፍ ይችላል። ከገደቡ በታች ጥቂት ክፍተት ይተዉ።

ሻጭ «ስጦታ ብዬ ልላክልህ» ቢል አይቀበሉ። በአውሮፓ ኅብረት እስከ 45 ዩሮ፣ በብሪታንያ እስከ 39 ፓውንድ ያለው የስጦታ ነፃነት ከግለሰብ ለግለሰብ ለሚላክ ብቻ ነው፤ ከመደብር የተገዛን ዕቃ እንዲህ ብሎ መጻፍ የሐሰት መግለጫ ነው። ዋጋ አሳንሶ መጻፍም ያው ነው። በዚያ ላይ ዕቃው ቢጠፋ ኢንሹራንሱ የሚከፍለው የተጻፈውን ትንሽ ዋጋ ነው።

የዲጂታል ግዢ፣ ማለትም ሶፍትዌር፣ ጨዋታ፣ የፊልም ምዝገባ፣ ቀረጥም ማጓጓዣም ስለሌለው ቀላል ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከጃንዋሪ 1 ቀን 2015 ጀምሮ ታክሱ በገዢው መኖሪያ አገር ምጣኔ ነው፤ ሻጩ መኖሪያውን የሚለየው በክፍያ አድራሻ፣ በባንኩ አገርና በመረጃ መረብ አድራሻ ነው። ከአገር አገር ከተዛወሩ በኋላ የድሮ ካርድ ይዞ መቆየት የተሳሳተ ምጣኔ የሚያስከፍለው ለዚህ ነው።

በመጨረሻም ዕቃው ላይስማማ የሚችል ከሆነ የመመለሻውን ወጪ ከመግዛትዎ በፊት ያስሉ። ሻጩ ግዢ ላይ የሰበሰበውን ቫት ራሱ ከዋጋው ጋር ይመልሳል። ድንበር ላይ የተከፈለ ቀረጥና ቫት ግን መደብሩ ጋር ስለሌለ ከእሱ አይመጣም፤ ለጉምሩክ ማመልከት ያስፈልጋል፣ የጊዜ ገደብም አለው። ለማመልከቻው የጉምሩክ መግለጫው ቅጂ፣ የከፈሉበት ደረሰኝና ዕቃው ከአገር መውጣቱን የሚያሳይ የመላኪያ ማስረጃ ይፈለጋሉ። የጉምሩክ መግለጫውን ኩሪየሩ ሳይጠየቅ የማይሰጥበት ጊዜ ብዙ ነውና ሳጥኑን በተረከቡበት ቀን ይጠይቁት። የኩሪየሩ የአገልግሎት ክፍያ ለተሠራ ሥራ የተከፈለ ስለሆነ ተመላሽ አይደረግም።